የገፋው ሌላ፣ መሪ የጨበጠው ሌላ

አጎቴ ሰይቸንቶ ታክሲ ይነዱ ነበር። ያቺን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች ትንሽ ፊያት፣ ያሁን ልጆች በፎቶ ብቻ የሚያውቋትን። የሳቸዋ ባትሪዋ ደካማ ስለነበር ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ጎረምሳ ተሰብስቦ እየገፋ ነው የሚያስነሳላቸው፣ ተንተፋትፋ ጭሷን ለቃ ስትነሳ ገፊዎቹ አቧራ ለብሰው እዛው ይቀራሉ እሳቸው መሪውን ጨብጠው ወደ ፒያሳ። ጋሼ ስለ 1966 በጠየቅኳቸው ቁጥር የሚመልሱልኝ በዚችው መኪና ነው። "ልጄ፣ ገፍተን ያስነሳናት እኛ ነን፣ መሪው ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የነበረው ግን ሌላ ሰው ነው።"

የትም ብትሄዱ የፖለቲካ ወሬው ማን ያሸንፋል ነው፣ ካፌ ውስጥም ቴሌግራም ላይም፣ እኔም ስንት አመት ገብቼ ስከራከር ኖሬያለሁ። ግን እያደር ጥያቄው ራሱ የዘገየ መስሎ ይታየኝ ጀመር። ስልጣን ማን እጅ እንደሚገባ የሚወሰነው ህዝብ አደባባይ በወጣበት ቀን አይደለም፣ ኮሮጆ በተከፈተበት ሌሊትም አይደለም፣ ከዛ በፊት ነው፣ ተደራጅቶ የተቀመጠው ማነው በሚለው ነው። የሀገራችን የሃምሳ አመት ታሪክ ደጋግሞ ያሳየን ይሄንኑ ነው ብዬ አምናለሁ። እስቲ የማውቀውን ላውራችሁ፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ከ1966 ልጀምር ምክንያቱም ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች አመፁ። ለስልጣን ብለው አልነበረም'ኮ፣ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም ስላሏቸው ነው፣ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ንጉሡ የሚያነጋግራቸው ጄኔራል ላኩ፣ እነሱ ደግሞ ጄኔራሉን ይዘው አስቀመጡትና እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጡት። ይሄ ወሬ በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ሲደርስ ምን ሊፈጥር እንደሚችል አስቡት። በየካቲት ደብረዘይት አየር ኃይል ተከተለ፣ አስመራም ቀጠለ።

ከተማው ውስጥ ደግሞ የነዳጅ ጉዳይ ነበር። አረቦችና እስራኤል በተዋጉ ማግስት ነዳጅ በዓለም ላይ ተወዶ ስለነበር መንግስት የቤንዚን ዋጋ ላይ ግማሽ ያህል ጨመረበት፣ የታክሲ ታሪፍ ግን ንክች አላለም። የካቲት 11፣ ሰኞ ነው፣ ጋሼ ተራ አልገቡም። "መኪናዋን ግቢ አስገብቼ ጆንያ አለበስኳት፣ ሚስቴ ምን ልንበላ ነው አለችኝ፣ እኔም አላውቅም አልኳት" ይላሉ። በዛው ቀን መምህራኑም ሥራ አቆሙ፣ ሴክተር ሪቪው የሚባለውን የትምህርት ማሻሻያ እቅድ ተቃውመው። ተማሪው ወጣ፣ አውቶቡስ በድንጋይ ተመታ፣ መንግስት የነዳጁን ዋጋ መልሶ ትንሽ ቀነሰ፣ ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም፣ እና የካቲት 20 የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ስልጣኑን ለቀቀ። አስራ ምናምን አመት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው በአስር ቀን ግርግር ወረዱ! ጋሼ ያን ቀን ፒያሳ ሰው ሲተቃቀፍ አይቻለሁ ይላሉ። ከዛ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ፣ ሠራተኛ ማህበሩ ከየካቲት 28 ጀምሮ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ፣ ሚያዝያ 12 ሙስሊሙ የእኩልነት ጥያቄውን ይዞ በብዙ ሺህ ሆኖ ሰልፍ ወጣ። ያልጠየቀ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ገፊ ነበር ማለት ይቻላል።

ግን እስቲ ልብ በሉ፣ ከዚህ ሁሉ ገፊ መሀል አንዱም መንግስት ለመሆን የተዘጋጀ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ፓርቲ የሚባል ነገር አልተፈቀደም። ከ1949 ጀምሮ የህግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በምርጫ ይገቡ ነበር ግን እያንዳንዱ በግሉ፣ ርስቱን ወይ ስሙን ይዞ። ኢሕአፓና መኢሶን የሚባሉት የግራ ድርጅቶች ውጭ ሀገርና ዩኒቨርሲቲ አካባቢ በህቡእ ነበሩ፣ በስማቸው አደባባይ አልወጡም። ሠራተኛው ማህበር ነበረው፣ ተማሪው ማህበር ነበረው፣ የታክሲ ሹፌሩ ደግሞ ተራ ብቻ ነበረው። ነገ ጠዋት ቤተመንግስቱ ባዶ ቢሆን ማን ገብቶ ይቀመጣል የሚለውን ቁጭ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አንድ ቦታ ግን ነበረ። ሰኔ 21 ቀን አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ፣ ዛሬም ሰፈሩ በዚሁ ስም ነው የሚጠራው፣ ከየክፍሉ የተወከሉ ከመቶ የሚበልጡ ወታደሮች ተሰበሰቡ። ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ፣ ከሻለቃ በላይ ማንም የለም፣ ምክንያቱም ከላይ ያሉትን መኮንኖች አላመኗቸውም። ሊቀመንበር ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር የመጣው ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም፣ ምክትሉ ሻለቃ አጥናፉ አባተ። ደርግ ማለት እንግዲህ ኮሚቴ ማለት ነው፣ በግእዙ። አንድ ኮሚቴ ያውም ስሙን ህዝብ የማያውቀው።

እና እነዚህ ሰዎች ቤተመንግስቱን በታንክ አላፈረሱትም። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ለግርማዊነታቸው ታማኝ ነን እያሉ ነው የጀመሩት። መጀመሪያ የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ አሉ፣ ንጉሡ እሺ አሉ። ከካቢኔው ጋር ተባብረን እንስራ አሉ፣ እሺ ተባሉ። የባለስልጣናትን ስም በሬዲዮ እያነበቡ እጃችሁን ስጡ ማለት ጀመሩ፣ ሰዎቹም ልብሳቸውን ለብሰው በራሳቸው እግር እየመጡ ገቡ። ልጅ እንዳልካቸውን በሐምሌ አንስተው ልጅ ሚካኤል እምሩን አስቀመጡ። ቀጥሎ ዙፋን ችሎቱ ፈረሰ፣ የዘውድ ምክር ቤቱ ፈረሰ፣ የቤተመንግስቱ ንብረት ተወረሰ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፣ ለዚህ ብሎ ማን ይዋጋል የሚያስብል አይነት፣ ግንብ ድንጋዩ አንድ በአንድ ሲወሰድ ጣራው አለ አለ ይባልና አንድ ቀን እንደሚወርደው ነው። በአዲሱ አመት ቀን ማታ ቴሌቪዥኑ የወሎን ረሃብ ከቤተመንግስት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ጠዋት መኮንኖች ገብተው ማውረጃውን አነበቡላቸውና ንጉሠ ነገሥቱን በቮልስዋገን ጭነው ወሰዷቸው።

ጋሼ የዛን ቀን መንገድ ላይ ነበሩ። ቮልሷ ስታልፍ አይተዋል ወይስ ሲወራ ሰምተው ነው አላውቅም፣ እሳቸው አይቻለሁ ይላሉ። የሚነግሩኝ ግን ስለ ንጉሡ አይደለም፣ አጠገባቸው ቆሞ ያጨበጭብ ስለነበረ አንድ የታክሲ ጓደኛቸው ነው። ማጨብጨቡን አቆመና "አሁን ማነው ያለው?" አላቸው። "ወታደሮቹ" አሉት። "የትኞቹ?" አለ። ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። ስምንት ወር ሙሉ የገፋ ሰው የማን መኪና እንደገፋ አያውቅም!

ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም ሲባል የነበረው ህዳር 14 ላይ አበቃ፣ ስድሳ ሰው በአንድ ሌሊት ተረሸነ። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ሊቀመንበር የተደረጉት፣ ህዝቡ የሚያውቃቸውና የሚወዳቸው ጄኔራል አማን አንዶም በዛው ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ተተኪው ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ቤተመንግስት ውስጥ ከሌሎች የደርግ አባላት ጋር ተገደሉ፣ አጥናፉ ህዳር 1970 ተረሸነ። አያችሁ፣ ስልጣን በአንድ ክፍል ውስጥ በሚሰበሰቡ ሰዎች እጅ ሲገባ ፉክክሩ ወደዛው ክፍል ይገባል፣ ውጭ ያለው ሰው ደግሞ የሚሰማው ጠዋት ሬዲዮ ሲከፍት ነው። የተረፈው ማነው ካላችሁ መንግሥቱ ነው፣ በማዕረግ የበለጠው አይደለም፣ በስምም የታወቀው አይደለም፣ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰው ያለው ነው። ፓርቲው ራሱ፣ ኢሠፓ፣ የመጣው አስር አመት ቆይቶ ነው፣ ስልጣኑ ፓርቲውን ወለደ እንጂ ፓርቲው ስልጣኑን አልወለደም።

1983ን ቶሎ ልለፈው ብዙ ስለተባለበት። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ዋናው አባል ድርጅቱ ህወሓት ደደቢት ላይ ከተመሠረተ 16 አመት ሆኖታል፣ 16 አመት ሙሉ ጦርም ካድሬም የታክስ አሰባሰብም የራሱ ዳኝነትም ሲገነባ የኖረ ድርጅት ነው። ደርጉን የሚጠላ ሰው በየቤቱ ሞልቶ ነበር ግን መጥላት ድርጅት አይደለም። በዛው ክረምት የሽግግሩ ምክር ቤት 87 ወንበር ሲከፋፈል 32ቱ የኢሕአዴግ ሆነ፣ ኦነግ 12፣ የቀረው ለተቀሩት ተበታተነ፣ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ የተቋቋሙ ነበሩ። ኮንፈረንሱ ሲጠራ ጠሪውና ተጠሪው እኩል እንዳልነበሩ ከዚህ ይገባናል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ 1997። ግንቦት 7።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነኝ፣ ለአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የምርጫ ጣቢያ ወኪል ሆኜ ተመደብኩ፣ የፓርቲውን ስም አልጠራም ምክንያቱም የምናገረው ሰዎቹን ለመክሰስ አይደለም። ሳምንት ቀደም ብሎ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የነበረውን ሰው ያየ መቼም አይረሳውም፣ እኔ ከመገናኛ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ሰው ሁለት ጣቱን እያነሳ ይሄዳል፣ የማላውቃት ሴትዮ ውሃ በፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችኝ። በምርጫው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስደርስ ሰልፉ ጥግ ዞሮ ነበር። በርጩማ ይዘው የመጡ እናቶች ነበሩ፣ አንዲት እናት ወረፋቸውን በበርጩማቸው አስይዘው ቤት ሄደው ቡና አፍልተው ተመለሱ፣ ማንም አልነካባቸውም። ምሽት ላይም ሰልፉ አላለቀም፣ በሻማና በባትሪ መብራት ነው የጨረስነው።

ቆጠራው አልቆ ውጤቱ ቅፅ ላይ ሲሞላ ፈረምኩ፣ አንዱ ኮፒ በር ላይ ተለጠፈ፣ እኔ ደግሞ በደብተር ወረቀት በእጄ ገለበጥኩት። የኛ ዕጩ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። ወረቀቷን አጣጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩና አሁን ለማን ልስጣት ብዬ ቆምኩ። የተነገረኝ "አንድ ሰው ይመጣል" ነው። ሰውየው አልመጣም። የተሰጠኝ ስልክ ዝግ ነው። በነጋታው ቢሮው የተባለበት ሄድኩ፣ በሩ ላይ እንደኔ ወረቀት የያዙ ሰባት ስምንት ልጆች ቆመዋል፣ የሚቀበለን የለም፣ አንዱ የእኛን ውጤት በአንድ ዝርዝር ላይ እንሰብስብ አለና ግድግዳ ላይ አስደግፈን መጻፍ ጀመርን፣ ግን የትኛው ጣቢያ የየትኛው ምርጫ ክልል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ወረቀቷ አሁንም አለችኝ፣ መታጠፊያዋ ላይ ቀለሙ ለቋል።

አዲስ አበባ ላይ ያን ቀን የሆነው እንግዲህ ይሄ ነው፣ ቅንጅት የፓርላማውን 23 ወንበር በሙሉ፣ የከተማውን ምክር ቤት ደግሞ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። በሀገር ደረጃ በመጨረሻ የተነገረው ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ህብረት 52 ነው፣ ክርክሩ ያኔም ነበረ ዛሬም አለ። በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። ተቃዋሚው ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚለው ተከፋፈለ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከተማዋን በመጨረሻ ባለአደራ አስተዳደር ተረከባት። እስሩና ጥይቱ ያደረገውን እኔ ላሳንስ አልችልም፣ በአይኔ አይቻለሁ፣ ሰፈራችን ለቅሶ ተቀምጠናል። ግን ያቺን ወረቀት የሚቀበል ሰው ያልነበረው ሰኔ ሳይመጣ ነው፣ ከተኩሱ በፊት ነው፣ ይሄንን ለራሴ መደበቅ አልፈልግም። ህዝቡ ድምፁን ሰጠ፣ ድምፁን አንስቶ የሚሸከም እጅ አልተዘጋጀም።

ከ1997 በደንብ የተማረው ማነው ብትሉኝ ተቃዋሚው አይደለም፣ ኢሕአዴግ ነው። የአባሉ ቁጥር ከሚሊዮን በታች ከነበረበት በሦስት አመት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። 2000 ላይ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ሲደረግ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ወንበር ነበር፣ በጣት ከሚቆጠሩ በስተቀር ሁሉንም ወሰደ፣ ሚዲያውም ዲያስፖራውም ያንን ምርጫ ዞር ብሎ አላየውም። እኛ ሰፈር ግን ዘይትና ስኳር የሚከፋፈለው፣ መታወቂያ የሚታደሰው፣ ወጣቱ ለኮብልስቶን ሥራ የሚመዘገበው እዛው ቀበሌ ነበር። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ከዛ በኋላ ነው ቤት ድረስ የገባው። 2002 ላይ ከ547 ወንበር 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ፣ አንድ የመድረክ አንድ የግል ተወዳዳሪ ቀረ። 2007 ላይ እነዛም ሁለት ጠፉ፣ ከነአጋሮቹ 547 ከ547። ያ ውጤት በታወጀ በወራት ውስጥ፣ ህዳር 2008፣ ጊንጪ ላይ ተጀምሮ ኦሮሚያ ተቀጣጠለ፣ በሐምሌ ጎንደር ተከተለ። ሁሉንም ወንበር የያዘ ፓርላማ ውስጥ መንገድ ላይ ያለውን ጩኸት የሚናገር አንድ ሰው አልነበረም።

እና 2010 መጣ፣ አሁንም ያው መኪና። ከሁለት አመት በላይ የገፋው ወጣቱ ነው፣ ቄሮም ፋኖም ሌላውም፣ ብዙው ህይወቱን ከፍሎ። የካቲት 8 አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ። ከዛ በኋላ ያለውን ስድስት ሳምንት ግን ሰው ሁሉ ማየት ነበረበት፣ ስልጣን በኛ ሀገር እንዴት እንደሚያዝ እንደዛ ግልፅ ሆኖ የታየበት ጊዜ የለም።

ህገ መንግስቱ አንቀጽ 73 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። ያን ሰሞን በህዝብ ዘንድ ስማቸው ገንኖ የነበረው አቶ ለማ መገርሳ ናቸው፣ ግን እሳቸው የጨፌ ኦሮሚያ ሰው እንጂ የፌደራሉ ፓርላማ አባል አልነበሩም። ስለዚህ ኦህዴድ፣ የኢሕአዴግ የኦሮሚያ ድርጅት፣ የካቲት 15 ተሰብስቦ የሊቀመንበርነቱን ቦታ ወደ ዶክተር አብይ አህመድ አዞረው፣ እሳቸው የፓርላማ ወንበር ነበራቸው። አንዲት አንቀጽ! ያቺን አንቀጽ አንብቦ በጊዜ የተንቀሳቀሰ ቡድን ነው ዕጩውን ያዘጋጀው፣ አብዛኛው ሰው ግን ገና ለማ ለማ እያለ ነበር። ከዛ የኢሕአዴግ ምክር ቤት ተሰበሰበ፣ 180 ሰው ነው፣ ከአራቱ ድርጅቶች እኩል አርባ አምስት አርባ አምስት። አቶ ደመቀ መኮንን በመጨረሻው ሰዓት ከውድድሩ ወጡ፣ ይሄ ማለት እሳቸው የሚመሩት የብአዴን ድምፅ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል መቁጠር ለሚችል ሰው ተከፈተ ማለት ነው። መጋቢት 18 ማታ ውጤቱ ተነገረ፣ ዶክተር አብይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን 2። መጋቢት 24 ፓርላማው አጸደቀ።

ያን ማታ ጋሼ ቤት ነበርኩ። ቲቪው ተከፍቶ ሁላችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ፌስቡክ እያደሱ፣ የጎረቤት ሰው ሁሉ ገብቷል። ስሙ ሲነገር ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ፣ የእውነት ደስ ብሎኛል። ጋሼ ግን ጋቢያቸውን ለብሰው ዝም ብለው ቆዩና "መቶ ስምንት ሰው ነው የመረጠው?" አሉ። አዎ አልናቸው። "እኛስ መቼ ነው?" አሉ። ሚስታቸው ዛሬ እንኳን ደስ ይበልህ እንጂ ብላ ተቆጣቻቸው፣ ጥያቄያቸው እንዳለ ቀረ።

በፓርላሜንታዊ ስርዓት ይሄ ያለ ነው፣ እንግሊዝም ጃፓንም የገዢው ፓርቲ ሊቀመንበር ሲቀየር ህዝብ ሳይመርጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ይቀየራል፣ ህገ ወጥ አይደለም። የኔ ቅሬታ እሱ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ እኛ ዜጎች ትኩረታችንን በሙሉ አምስት አመት አንዴ ለሚመጣው ቀን ሰጥተን ጠቅላይ ሚኒስትሩ በእውነት የሚመረጥበትን ስብሰባ ማን እንደገባበት እንኳን አለመጠየቃችን ነው። ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ዙር በላይ አይችልም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን የዙር ገደብ የለውም፣ ፓርቲው እስካሸነፈና እስከፈለገው ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ የፓርቲው ውስጥ ነው ዋናው በር።

2012 ህዳር ላይ ደግሞ ኢሕአዴግ ራሱ ከሰመ፣ ከአራቱ ሦስቱ ድርጅቶችና አጋር የሚባሉት ተዋህደው ብልፅግና ሆኑ፣ ህወሓት አልገባም አለ። በ2007 ንብ ምልክት ላይ ምልክት ያደረገ መራጭ ሳይጠየቅ በሌላ ፓርቲ ሲተዳደር አደረ ማለት ነው። ያ ውሳኔ ምን ይዞ እንደመጣ ሁላችንም የኖርነው ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም፣ ሌላ ቀን ሌላ ልብ ይፈልጋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ተደረገ፣ ትግራይ ውስጥ አልተካሄደም፣ በፀጥታ ምክንያት ያልተካሄደባቸው ሌሎች ቦታዎችም ነበሩ፣ ውጤት ከተነገረባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ብልፅግና ወሰደ።

እዚህ ላይ የወንበር አቆጣጠሩን ነገር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በኛ ህግ በአንድ ምርጫ ክልል ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፣ ሃምሳ ከመቶ መድረስ አይጠበቅበትም። አንዱ አርባ፣ አንዱ ሰላሳ አምስት፣ ሌላው ሃያ አምስት ቢያገኙ ባለ አርባው ይገባል የስልሳው ሰው ድምፅ ወንበር የለውም። ተቃዋሚው አንድ ሰፈር ላይ በሦስት በአራት ፓርቲ ተከፋፍሎ ሲቀርብ ራሱን በራሱ እየቀነሰ ነው። ይሄን የማያውቅ የፓርቲ መሪ የለም፣ ግን ዕጩ የመተው ድርድር ሲነሳ ስብሰባው ይበተናል። ማን ለማን ይልቀቅ የሚለው ጋ ሲደርስ ሁሉም ሊቀመንበር ነው።

ለዚህ ነው አሁን የፓርቲ ማኒፌስቶ ማንበብ ትቼ ደንባቸውን ማንበብ የጀመርኩት። ማኒፌስቶው ላይ ሁሉም መንገድ ይሰራል ሁሉም ሥራ ይፈጥራል። ደንቡ ላይ ነው ሊቀመንበር ማን ይመርጣል፣ ዕጩ ማን ያቀርባል፣ ገንዘቡን ማን ይቆጣጠራል፣ አንድ የወረዳ አባል መሪውን ማውረድ ይችላል ወይ የሚለው ያለው። አዋጅ 1162 አንድ ሀገር አቀፍ ፓርቲ ለመመስረት 10,000 አባል ይጠይቃል፣ ክልላዊ ከሆነ 4,000። እንግዲህ 10,000 ሰው አለ ማለት ነው በየፓርቲው፣ በወረቀትም ቢሆን። እነዛ ሰዎች የት ነው ያሉት፣ መጨረሻ የተሰበሰቡት መቼ ነው፣ እኔ ሰፈር ውስጥ ስንቱ አለ?

ባለፈው ወር አንድ ፓርቲ ቢሮ ሄጄ ደንባችሁን ላንብብ አልኩ። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ልጅ ትሁት ነው፣ ጋዜጠኛ ነህ አለኝ፣ መራጭ ነኝ አልኩት። እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ብሎ ሁለት መሳቢያ ፈለገ፣ ሰኞ ተመለስ አለኝ፣ ሰኞ ስሄድ የእውነት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፣ ፎቶ ኮፒውንም በራሱ ብር ነው ያስነሳው። አመስግኜው ጋሼ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ጋሼ አሁን አይናቸው ደክሟል፣ እኔ አነብላቸዋለሁ እሳቸው እስክሪብቶ ይዘው ቆም ስል ያሰምራሉ። አንድ ምሽት ሙሉ ስንት አንቀጽ እንደሄድን አላስታውስም፣ ቡናው ሦስተኛ ደርሷል። ለፓርላማ የሚቀርቡ ዕጩዎችን ማዕከላዊ ኮሚቴው ያጸድቃል የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ማዕከላዊ ኮሚቴውን ማነው የሚመርጠው?"

"ጠቅላላ ጉባኤው ይላል።"

"ጉባኤው ላይ ማን ይገባል?"

ገጹን ገለጥኩ። እሳቸው መነፅራቸውን አደረጉና ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ።